ሦስት ከሃያ ያመጣው ደብዳቤ

መምህሩን ተማሪዎቹ «ቀይ ባሕር» ብለው ይጠሩታል። ስሙ የወጣለት በመልኩ አይደለም፤ በእርማቱ ነው። ከእጁ የሚወጣ የፈተና ወረቀት ሁሉ በቀይ ቀለም ተጥለቅልቆ ስለሚመለስ፣ «ብዙዎች ገቡ፣ ጥቂቶች ተሻገሩ» እያሉ ይሣሣቁበታል። እርሱም ቅጽሉን ሲሰማ ያልሰማ ይመስላል እንጂ በልቡ አይከፋውም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በመንግሥት ትምህርት ቤት ሥነ ዜጋ ሲያስተምር የማይገባውን ነጥብ ለማንም ሰጥቶ፣ የሚገባውንም ነጥብ ከማንም ነጥቆ አያውቅም። ለዚህም ሲል የማይሽረው አንድ ሥርዓት አለው፤ ማረም ከመጀመሩ በፊት የወረቀቶቹን ሁሉ ራስጌ፣ ስም የሚጻፍበትን፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ በእጁ ዳሰሳ ብቻ ወደ ኋላ ያጥፋል። «ስም ያየ ዐይን ፍርድ ያጎድላል» ይላል። አንድ ጊዜ የገዛ ልጁን አራት ከሃያ ሰጥቶ፣ የማን ወረቀት እንደ ነበር ያወቀው ልጁ ሦስት ቀን ሙሉ ሰላምታ ሲነፍገው ነው።

በዚያ ዓመት ግን ቀይ ባሕር ራሱ ሊደርቅ ተቃርቦ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመምህራኑ የደረጃ ዕድገት ከቆመ አራተኛ ዓመቱን ይዟል። በየዓመቱ መምህራኑ ማመልከቻ ይጽፋሉ፤ በየዓመቱ የአካባቢው ትምህርት ጽሕፈት ቤት መልስ ይጽፋል፤ ከማመልከቻውና ከመልሱ ጋብቻ ግን የሚወለድ ነገር የለም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው። የቤት ኪራይ በበኩሉ ዕድገቱን ማንም አላገደበትም፤ ሳይማር፣ ሳይፈተን በየስድስት ወሩ ክፍል ያልፋል። የመምህሩ ሚስት ልብስ ሰፊ ናት፤ ቤቱን የተሸከመው የመርፌዋ ጫፍ ነው። መርፌ ግን ምንም ቢሆን መርፌ ነው፤ ቤት ሲሸከም ይጎብጣል።

የሚስቱ ወንድም የሕንፃ መሣሪያ መደብር አለው። ይህ ሰው ሲስቅ ሆዱ ቀድሞት የሚስቅ፣ ሲመክር ደግሞ ትከሻ እየመታ የሚመክር ነው።

«አማቼ» አለው አንድ ቀን፣ «የመጋዘን ኃላፊዬ ለቋል። ና፣ እኔ ዘንድ ሚስማር ትቆጥራለህ። ደመወዝህ እጥፍ ነው። ሚስማር አይንጫጫም፤ ውጪ ልውጣ አይልም፤ ወላጁ መጥቶ አይጣላህም።»

«ሚስማር ግን አድጎ ሰው አይሆንም» አለ መምህሩ።

«ሰው የሆኑትስ መቼ አስታወሱህ?»

ሚስቱ ስፌቷን አቁማ አየችው። ክፉ ሴት አይደለችም፤ የደከማት ሴት ናት።

«አንተ ሰው፣ አልጫንህም» አለችው። «አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። እስከ መቼ?»

እርሱም ሲጨንቀው ቃል ሰጠ፤ ጽሕፈት ቤቱ እስከ መጪው ሳምንት ቅዳሜ ቁርጥ ያለ መልስ ካልሰጠ፣ ጠመኔውን አስረክቦ የመጋዘኑን ቁልፍ ይረከባል። ቃሉን የሰጠው በመሐላ አይደለም፤ በሚስቱ ፊት ነው፤ ያም ከመሐላ አይቀልም። ያን ዕለት ሲተኛ ግን በዐይኑ ላይ የሚመላለሱበት የስምንተኛ ክፍል ልጆች ነበሩ፤ ከኋላ ወንበር ላይ ሆኖ «ለምን?» የሚል አንድ ድምፅ በየዓመቱ አይጠፋም፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ያኖረው ያ ድምፅ ነው።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ፈተና ያርም ነበር። ተቀምጦ ማለት በዚያ ክፍል ውስጥ ታላቅ ነገር ነው፤ ለሃያ ስድስት መምህራን ዐሥራ አንድ ወንበር ብቻ ስላለ፣ ወንበር ያገኘ ሰው እስኪመሽ አይነሣም፤ የተነሣ እንደ ሆነ ግን በሄደበት ሹመቱ ይነጠቃል። የፈተናውን ጥያቄ ያወጣው ራሱ ነው፤ ሲያወጣም ልቡ ሳይነድ አልቀረም። «የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህራን ስለ ደመወዝ ቢጠይቁ፣ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሊሰጥ የሚገባውን መልስ ጻፍ። መቼ? ስንት? በማን? ለእያንዳንዱ አምስት ነጥብ፤ ለአጻጻፍ አምስት ነጥብ።»

ልጆቹ እንደ ልጅነታቸው መልሰዋል። አንዱ «ይታገሡ፣ ትዕግሥት የመምህር ጌጥ ነው» ብሏል። ሌላው «ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ ዶሮ ይሰጣቸውና ይርቡ» ብሎ፣ በሦስት ዓመት የሚደርሱበትን የዶሮ ብዛት በጥንቃቄ አስልቶ አሳይቷል። ለዚህ «ስንት» በሚለው አምስት ከአምስት ሰጠው፤ ሒሳቡ ልክ ነበርና።

የርእሰ መምህሩ ጸሐፊ በዚህ መካከል ገባች። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ንግግሯ እንደ መቀስ የሚቆርጥ ወጣት ናት።

«ጋሼ፣ ይቺ ከጽሕፈት ቤቱ የመጣች መልስ ናት። የመምህራን ተጠሪ እርስዎ ስለሆኑ፣ አንብበው 'ተስማምተናል' ብለው ፈርመው ትመለስ ተብሏል።»

«አስቀምጪው ልጄ፣ ጨርሼ አየዋለሁ» አለ ቀና ሳይል።

እርሷም ካልታረሙት ወረቀቶች ላይ አስቀምጣ ሄደች። ደብዳቤው ደግሞ ደብዳቤ አይመስልም ነበር። የጽሕፈት ቤቱ ማተሚያ ቀለም ካለቀበት ሰንብቷል፤ የቀለሙ ግዢ በጥናት ላይ ነው። ስለዚህ ኃላፊው ራሱ በእጁ፣ በመስመር ወረቀት ላይ ጽፎታል። መምህሩ የያዘውን ወረቀት ጨርሶ ቀጣዩን ክምር አነሣ፤ እንደ ሥርዓቱ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ራስጌዎቹን ሁሉ ወደ ኋላ አጠፈ። የጽሕፈት ቤቱ ስም፣ ቀኑና ቁጥሩ ከተማሪዎቹ ስም ጋር አብረው ታጥፈው ከዐይን ተሰወሩ። ከዚያም የመጀመሪያውን ወረቀት ሳበ።

«ክቡራን መምህራን፣ ያቀረባችሁት ጥያቄ ተገቢ መሆኑ ታምኖበት፣ ሁኔታዎች ሲመቻቹ፣ በሚመለከተው አካል በኩል፣ ተገቢው ማስተካከያ ደረጃ በደረጃ የሚደረግ መሆኑን በደስታ እየገለጽን…»

መምህሩ ራሱን ነቀነቀ። «ይህ ልጅ ደግሞ ማን ይሆን?» አለ። ቀዩን እስክሪብቶ አነሣና በኅዳጉ ጻፈ።

«መቼ ተብለህ ተጠየቅህ፤ 'ሁኔታዎች ሲመቻቹ' አልህ። 'ሁኔታዎች' የሚባል ወር የለም። 0/5።»

«ስንት ለሚለው 'ተገቢው' ብለሃል። በተገቢው ዳቦ ይገዛልን? 0/5። የዶሮውን ልጅ ተመልከት።»

«በማን ለሚለው 'የሚመለከተው አካል' ብለሃል። ይህ አካል ራስ አለው? እጅ አለው? ካለው ስሙን ጥራ። 0/5።»

«የእጅ ጽሕፈትህ ያማረ ነው። 3/5።»

ሁለት ጊዜ አነበበውና አንድ ነገር ታየው፤ ይህን ጽሑፍ ከዚህ ቀደም ያውቀዋል። በግርጌው ጨመረ። «ቃል በቃል ገልብጠሃል። ከየት እንደ ገለበጥህ ባላስታውስም አውቀዋለሁ። ልጄ፣ ሰነፍ አይደለህም፤ ይህን ያህል ያማረ ነገር የሚጽፍ ሰው ሰነፍ አይሆንም። ፈሪ ነህ። እንዲህ አድርገህ ከኖርህ ሽማግሌ ትሆናለህ እንጂ ሰው አትሆንም። ሰኞ ወላጅ ይዘህ ና። ጠቅላላ 3/20።» ከዚህ በታች እንደ ልማዱ ፈረመ። ደወሉ ሲደወል ወንበሩን በሐዘን ተሰናብቶ ወደ ክፍል ሄደ።

ጸሐፊዋ ደብዳቤውን ልትወስድ ስትመለስ ከታረሙት መካከል አገኘችው።

ሰኞ ጠዋት ርእሰ መምህሩ አስጠራው። ርእሰ መምህሩ አለቃው በስልክ ሲያናግሩት ከወንበሩ ተነሥቶ፣ ኮቱን ቆልፎ የሚያናግር ሰው ነው። መምህሩ ሲገባ ቆሞ፣ ኮቱ እስከ አንገቱ ተቆልፎ አገኘው።

«ምን አደረጉ መምህር? ምን አደረጉን?»

«ምን አደረግሁ?»

«ጽሕፈት ቤቱን ጣሉት!»

«እኔ? ምን አቅም አለኝና?»

«ከፈተና ጣሉት! ሦስት ከሃያ! በፊርማዎ! በትምህርት ቤቱ ማኅተም! አሁን በስልክ አንድ በአንድ አነበቡልኝ። ዳቦ ይገዛልን፣ ዶሮ፣ ራስ የለውም፣ ፈሪ…» ርእሰ መምህሩ ትንፋሹ አጠረ። «ወላጅ ይዘህ ና ብለዋቸዋል!»

መምህሩ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ፊቱ ላይ መጀመሪያ የታየው ድንጋጤ አልነበረም፤ ኀዘኔታ ነበር።

«ያ ልጅ ኃላፊው ኖሯል?» አለ። «እኔ እኮ ቅዳሜና እሑድን ሙሉ ሳስብለት ነው የከረምሁት። የሚመክረው ዘመድ የለውም እንዴ እያልሁ።»

«መምህር! ነገ ጠዋት ጽሕፈት ቤት ቀርበው ይቅርታ እንዲጽፉ ተብሏል። ካልጻፉ ከማስተማር ሥራ ይታገዳሉ። እኔንም ይዘውኝ ይወርዳሉ፤ እኔ ደግሞ መውረድ አልችልም፣ ጉልበቴን ያመኛል።»

ከዚያ ሲወጣ ጸሐፊዋን በበሩ ላይ አገኛት።

«ልጄ፣ ማኅተሙን የመታሽው አንቺ ነሽ አይደል? ሳታይው ነው?»

እርሷ ግራና ቀኝ አየች። «አየሁት ጋሼ። ሁለቴ አነበብሁት። ሥቄ ሥቄ ሆዴን አመመኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ማኅተሙን መታሁ። የእኔም ዕድገት እኮ ከቆመ አራት ዓመቱ ነው።»

ቤት ገብቶ ለሚስቱ ሲነግራት፣ የያዘችው ጨርቅ ከእጇ እስኪወድቅ ሣቀች። «እንኳን ሦስት ሰጠሃቸው! እኔ ብሆን የእጅ ጽሕፈቱንም ዜሮ ነበር የምለው» አለች። ከዚያ ሣቋ በመካከል ቆመ። «ቢያግዱህስ? በራስህ ፈቃድ ብትወጣ ሰው ያከብርሃል። ተባርረህ ብትወጣ ግን… ሠላሳ አንድ ዓመትህን ነው የሚያቆሽሹብህ። አንዲት መስመር ይቅርታ ጻፍና ውጣ። ምን ይጎድልብሃል?»

«አንዲቷን መስመርማ እጽፋለሁ። ወረቀቱን ከልጆች ጋር መደባለቄ ስሕተቴ ነው።»

«ጎሽ።»

«ነጥቡ ግን ልክ ነው።»

«ወይኔ!» አለች ሚስቱ፣ ጨርቁን ከወለሉ እያነሣች። «የማገባው ሰው ሳጣ ነው መሰለኝ ያገባሁህ።»

ማክሰኞ ጠዋት ጽሕፈት ቤቱ ቀረበ። ኃላፊው አርባ ዓመት የሞላው፣ ሸሚዙ በደንብ የተተኮሰ፣ ዐይኑ ግን ሌሊት ያልተኛ ሰው ዐይን ነው። ትልቅ ጠረጴዛ፣ አራት መሳቢያ፣ ግድግዳ ላይ ደግሞ ካለፈው ዓመት ያልተገለጠ የቀን መቁጠሪያ አለ። ወረቀቱ በፊቱ ተዘርግቷል፤ ቀዩ ቀለም ከሩቅ ይታያል።

«መምህር» አለ ኃላፊው፣ ድምፁን አረጋግቶ፣ «ወላጅ ይዘህ ና ተብያለሁ። አባቴ በሕይወት የሉም። ምን ላድርግ?»

«ነፍሳቸውን ይማርልን» አለ መምህሩ ከልቡ። «ክቡር ኃላፊ፣ ስሕተቱ የእኔ ነው። የእርስዎን ደብዳቤ ከልጆች ወረቀት ጋር ቀላቅዬዋለሁ። 'አንተ' ማለቴም ነውር ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ይኸው በጽሑፍም አምጥቻለሁ።»

ኃላፊው ይቅርታውን አነበበ። ገልብጦ ጀርባውን አየ። «ስለ ነጥቡ ምንም አይልም።»

«ነጥቡን በተመለከተ የምጠይቀው ይቅርታ የለም።»

ኃላፊው ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ፤ ተነሥቶ በሩን ዘጋ። ሲመለስ የአለቅነት ድምፁን በሩ ላይ ትቶት መጣ።

«መምህር፣ እንግዲህ ልንገርዎት። ሐሙስ ከበላይ ጽሕፈት ቤት ተቆጣጣሪዎች ይመጣሉ፤ ፋይሉን ሁሉ ያገላብጣሉ። ይቺን ወረቀት ላወጣት ብል የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ እምቢ አለች። ዓርብ ስትገባ ቁጥር ሰጥታታለች። 'ቁጥር የተሰጠው ወረቀት እንደ ተጠመቀ ሕፃን ነው፤ ወደ ኋላ አይመለስም' አለችኝ።»

«እውነቷን ነው።»

«ስለዚህ…» ኃላፊው ወረቀቱን ወደ መምህሩ ገፋ። «ዐሥር ያድርጉልኝ። ማለፊያ ብቻ። ዐሥር ከሃያ። ብዙ አልጠየቅሁም።»

«አይሆንም።»

«ስምንት?»

«ክቡር ኃላፊ፣ ይህ ገበያ አይደለም።»

«ዕግዱን አንሥቼልዎታለሁ እኮ! ገና ሳልጽፈው አንሥቼዋለሁ!»

መምህሩ ዐሥር ብሎ ቢጽፍ በሰላም ወደ ክፍሉ ይመለሳል፤ ቢያንስ እስከ ቅዳሜ። እጁን ወደ ኪሱ ከተተ፤ ቀዩ እስክሪብቶ በዚያ አለ። ግን የዶሮውን ልጅ አሰበ። ያ ልጅ በስንት ላብ ያገኛትን ነጥብ ይህ ሰው በሩን በመዝጋት ብቻ ሊያገኛት ነው። እጁን ባዶውን አወጣ።

«ደንቡ የሚፈቅደው አንድ መንገድ አለ» አለ። «የወደቀ ተማሪ ድጋሚ ይፈተናል። አዲስ መልስ ይጻፉ፤ አርማለሁ። ያገኙትን ነጥብ ከፊተኛው ላይ እናያይዛለን።»

«አሁን?» አለ ኃላፊው።

«አርባ ደቂቃ።» መምህሩ ሰዓቱን ከእጁ ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ይቅርታ፣ ያን ፋይል ከፊትዎ ያንሡልኝ።»

«የቱን?»

«ያለፉት ዓመታት ደብዳቤዎች ያሉበትን። ከየት እንደ ገለበጡ አሁን ገባኝ።»

ኃላፊው እንደ ልጅ ቀላ። ፋይሉን አነሣና መስኮቱ ላይ አኖረው። የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ በሩን ከፍታ ብቅ ብትል፣ «ፈተና ላይ ነን!» ብሎ ጮኸባት፤ እርሷም በሩን በቀስታ ዘግታ ለኮሪደሩ ሁሉ አወራች።

በዐሥረኛው ደቂቃ የመጀመሪያውን ሰጠ። መምህሩ አነበበ። «'በቅርቡ' ይላል። በቅርቡ ሰኞ ነው ማክሰኞ?»

«በቅርቡ ማለት… እንግዲህ በቅርቡ ነው።»

«ዜሮ። ሌላ ወረቀት ይውሰዱ።»

ሁለተኛው «የበላይ አካል ሲፈቅድ» የሚል ነበር። መምህሩ አላረመውም፤ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ጠየቀ።

«ልጄ… ይቅርታ፣ ክቡር ኃላፊ፤ የበላይ አካል እንዲፈቅድ ማመልከቻው ሄዶለታል?»

ኃላፊው መስኮቱን አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ሦስተኛውን መሳቢያ ሳበ። አራት ማመልከቻ፣ አንዱ በአንዱ ላይ፣ እጥፋታቸው እንኳ ሳይፈታ ተኝቷል።

«አንዱም?»

«አንዱም።»

«ምን ነበር የሚጎድለው?»

«የእኔ ፊርማ ብቻ።»

መምህሩ አልጮኸም፤ ሲቆጣ እንዲህ ዝም እንደሚል የስምንተኛ ክፍል ልጆች ሁሉ ያውቃሉ፤ ኃላፊውም ሳይነገረው አወቀ።

«ወደ ላይ ገንዘብ የሚጠይቅ ኃላፊ አይወደድም» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው። «'ሰላማዊ ጽሕፈት ቤት' የሚባለው ከእርሱ ዘንድ ጥያቄ የማይመጣበት ነው። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው አንድ ማመልከቻ ፈርሞ ላከ። በሁለት ወሩ ቀጡት።»

«ምን አደረጉት?»

ኃላፊው ለመናገር አፈረ። «ወደ ማስተማር መለሱት።»

መምህሩ ጆሮውን ያላመነ መሰለ። «ምን?»

«ወደ ክፍል። ጠመኔ ይዞ። እኔም እኮ ስድስት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬአለሁ፤ እዚህ ለመድረስ ስንት ወጣሁ ስንት ወረድሁ። ከዚያ ደመወዝ ጋር መልሰው ቢያስሩኝ ምን እበላለሁ?»

ያን ጊዜ ቀይ ባሕር ሣቀ። ሣቁ ከሆዱ ወጣ፤ ዐይኑ እስኪያነባ፣ መነጽሩን እስኪያወልቅ ሣቀ። «እንግዲያስ እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ቅጣት ላይ ነኝ! ምን በድዬ ይሆን? ማንም ኃጢአቴን ሳይነግረኝ ቀኖናዬን ስፈጽም ኖርሁ!»

ኃላፊውም መጀመሪያ በከንፈሩ፣ ቀጥሎ በጥርሱ ሣቀ፤ ሁለቱም ጠረጴዛውን እየመቱ ሲሥቁ ኮሪደሩ ላይ ያሉት «ማን አለፈ?» ተባባሉ።

ሣቁ ሲበርድ ኃላፊው፣ «'ፈሪ ነህ' ያሉት ከልብዎ ነው?» አለ።

«ስምዎን አላየሁም ነበር። ያየሁት ጽሑፉን ነው።»

ኃላፊው ሦስተኛ ወረቀት ሳበ። ስድስት ደቂቃ ብቻ ጻፈ።

«ያቀረባችኋቸው አራት ማመልከቻዎች አራት ዓመት ሙሉ ሳይላኩ ቆይተዋል። ያስቀመጥኋቸው እኔ ነኝ። የአራቱንም ዓመት ዕድገት በመደገፍ ዛሬ ፈርሜ ወደ በላይ ጽሕፈት ቤት ልኬአለሁ። በሚመጣው ወር በዐሥራ አምስተኛው ቀን፣ መልሱ ክፉም ይሁን ደግ፣ ይዤ ትምህርት ቤታችሁ ድረስ እመጣለሁ።»

መምህሩ አነበበ፤ ደግሞ አነበበ። ቀዩ እስክሪብቶ በወረቀቱ ላይ ሲሄድ ምንም አልነካም፤ ከታች ብቻ «19/20» ጽፎ ፈረመ።

«አንዷ የት ሄደች?» አለ ኃላፊው፣ ተማሪ ሁሉ በሚጠይቅበት ድምፅ።

«አርፍዶ ለገባ ነው።»

ኃላፊው ማመልከቻዎቹን አንድ በአንድ ዘረጋ። በመጀመሪያው ላይ ብዙ ቆየ፤ አራተኛውን ግን ሳያመነታ ፈረመ። የመዝገብ ቤቷን ሴትዮ ጠርቶ «ቁጥር ስጪልኝ፤ ሳልጸጸት ቶሎ ስጪልኝ» አላት።

ቅዳሜ ጠዋት የሚስቱ ወንድም የመጋዘኑን ቁልፎች በትልቅ ቀለበት እያንቀጫቀጨ መጣ። መምህሩ የደብዳቤውን ግልባጭ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ወንድሟ አነበበና ከንፈሩን ነከሰ።

«አማቼ፣ ይሄም ወረቀት ነው። የሚመጣው ወር ደግሞ የሚመጣው ወር ነው። እዚህ ላይ ገንዘብ የት አለ?»

«ገንዘብ የለም» አለ መምህሩ። ወደ ሚስቱ ዞረ። «ቃሌ ቁርጥ ያለ መልስ ነበር። ይሄ ቁርጥ ያለ መልስ ይሁን አይሁን አንቺ ፍረጂ። አይደለም ካልሽ ቁልፉን አሁን እቀበላለሁ፤ አላጉረመርምም።»

ሚስቱ ወረቀቱን ወሰደች፤ ጣቷን በመስመሮቹ ላይ እያስኬደች አነበበች። «ያስቀመጥኋቸው እኔ ነኝ» በሚለው ላይ ጣቷ ቆየች።

«እኔ በዚህ ዕድሜዬ» አለች ቀስ ብላ፣ «ቀሚስ ሳበላሽ እንኳ 'ጨርቁ ነው' እላለሁ እንጂ 'እኔ ነኝ' ብዬ አላውቅም። ሹም እንዲህ ሲል ደግሞ ሰምቼ አላውቅም።» ወረቀቱን አጥፋ መለሰችለት። «ወንድሜ፣ ቁልፍህን ይዘህ ሂድ። ሌላ ሰው ቅጠር።»

«ቢዋሽስ?»

«ቢዋሽ እኔ ራሴ ሄጄ ዜሮ እሰጠዋለሁ።»

ዐሥራ አምስተኛው ቀን ደረሰ። መምህራኑ ከጠዋት ጀምሮ በመስኮት ያያሉ፤ የጽሕፈት ቤቱን መኪና ይጠብቃሉ። ርእሰ መምህሩ ኮቱን ቆልፎ በር ላይ ቆሟል። መኪና አልመጣም። አራት ሰዓት ሲሆን ግን አንድ ሰው በእግሩ፣ ጫማው አቧራ ለብሶ፣ ሁለት ፖስታ በእጁ ይዞ ግቢው ውስጥ ገባ። ኃላፊው ነበር።

የመጀመሪያውን ፖስታ ለመምህራን ተጠሪው ሰጠ። ከአራቱ ዓመት ዕድገት የሁለቱ ተፈቅዷል፤ ካለፈው ወር ጀምሮ ይከፈላል። ማረፊያ ክፍሉ ተናወጠ፤ በደስታ ብዛት ሁለት ሰዎች ከወንበራቸው ተነሥተው ወንበራቸውን አጡ። ጸሐፊዋ በበሩ ላይ ሆና እልል አለች፤ የእርሷም ስም አለና።

«ሁለተኛውስ?» አለ መምህሩ ጫጫታው ሲበርድ።

«እሱ የእኔ ነው» አለ ኃላፊው። ፖስታውን ለርእሰ መምህሩ አቀበለ። ርእሰ መምህሩ አነበበ፤ ከላይ እስከ ታች አየው፤ ከዚያም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በአለቃው ፊት የኮቱን ቁልፍ ፈታ።

«ጂኦግራፊ፣ ስምንተኛ ክፍል፣ ሦስት ምድብ» አለ። «ከዛሬ ጀምሮ።»

መምህሩ የድሮውን ኃላፊ አየው። የፈራው ሁሉ ደርሶበታል፤ ፊቱ ግን በመጀመሪያው ቀን እንዳየው ሳይሆን ሌሊቱን እንደ ተኛ ሰው ነው።

«በእኔ ሰበብ ነው» አለ መምህሩ በኀዘን።

«አይደለም። 'የዶሮውን ልጅ ተመልከት' ብለው ጽፈውልኝ የለ? እሱን ላየው ብዬ ነው» አለና ፈገግ አለ። ከዚያ ኪሱን ዳበሰ፤ ወዲያና ወዲህ አየ። «መምህር፣ አሁን ልገባ ነው። ጠመኔ ከየት ነው የምንቀበለው?»

«ጠመኔ ከግምጃ ቤት መሰጠት ካቆመ ሁለት ዓመት ሆነው። እያንዳንዱ ከኪሱ ይገዛል።»

«ከኪሱ! እንዴት ያለ ነውር ነው! ማነው ይህን የወሰነው?»

ሃያ ስድስት ጥንድ ዐይን የእርሱን አቧራማ ጫማ ተመለከተ። የድሮው ኃላፊ ቀስ በቀስ አስታወሰ፤ ጆሮው እየቀላ ሄደ።

«እኔ ነኝ» አለ።

መምህሩ ከኪሱ አዲስ ጠመኔ አውጥቶ ከመካከሉ ሰበረና ግማሹን በእጁ አኖረለት። በኮሪደሩ ማዶ የስምንተኛ ክፍል ልጆች ጩኸት ጣሪያ ሊያነሣ ደርሷል።

«ይግቡ» አለው። «ልጆቹ ይጠብቃሉ።»